በፓስወርድ ከተቆለፈ ፎልደር የድምፅና የቪዲዮ ሊንክ እንዴት ይሰጣል? ለጅማ አስጠኚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ፎልደሩን በፓስወርድ ቆለፋችሁ፤ የትምህርቱን ሊንክ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቃችሁ። ማታ ላይ መልእክቱ ይጎርፋል፦ «ቲቸር፣ ፓስወርዱን አስገባሁ ግን አይጫወትም።» «ቲቸር፣ ሁለቴ ይጠይቀኛል።» «ቲቸር፣ እኔ ጋ ይሠራል፣ የእህቴ አይፎን ላይ ግን እምቢ አለ።» አንዱ ደግሞ ምንም ፓስወርድ ሳይጠየቅ እየሰማ ነው፤ እሱ ግን አይነግራችሁም።

ይህ መመሪያ ጅማ ተቀምጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ለሚቀዱ አስጠኚዎች ነው። ተማሪው ሂርማታ ይኑር ጅሬን፣ ወይም ለቡና ለቀማ አጋሮ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ ይሁን፣ የከፈለበትን ትምህርት ስልኩ ላይ ከፍቶ እንዲሰማ፣ ያልከፈለው ደግሞ ደጅ እንዲቀር ነው የምንፈልገው። ድረ ገጽና የተከራያችሁት ሰርቨር እንዳላችሁ፣ መቆጣጠሪያውም ሲፓነል እንደሆነ ቆጥሬ እሄዳለሁ። ኮዱ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ግን ታጉንም (ገጹ ውስጥ የሚጻፈውን የኮድ ምልክት) ትእዛዙንም በስሙ እየጠራሁ ነው የማስረዳው።

ጠያቂው ማን ነው?

እጃችሁን ሥራ ላይ ከማሳረፋችሁ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ብሮውዘር የተቆለፈ ፋይል ሲጠይቅ ሰርቨሩ መጀመሪያ 401 ብሎ ይመልሰዋል፤ ማንነትህን አሳይ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ስምና ፓስወርድ የሚሞላባት ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። ተማሪው ሲሞላት ብሮውዘሩ ስሙንና ፓስወርዱን በሁለት ነጥብ አያይዞ፣ ቤዝ64 በሚባለው አጻጻፍ ቀይሮ ከጥያቄው ጋር ይልካል። ከዚያ ወዲያ በዚያው ፎልደርና ከሱ በታች ላለ ፋይል ሁሉ ተማሪውን ሳያስቸግር ራሱ እየላከ ይቀጥላል። ቤዚክ ኦተንቲኬሽን የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ፓስወርዱን የያዘው ያ ብሮውዘር ነው፤ ስልኩ አይደለም፣ ተማሪውም አይደለም። ግቢ በር ላይ መታወቂያ አሳይታችሁ ብትገቡ ከኋላችሁ የመጣው ጓደኛችሁ በእናንተ መታወቂያ አያልፍም፤ ዘበኛው የሱንም ይጠይቃል። ክሮም ውስጥ ፓስወርድ ያስገባ ተማሪ ሊንኩን ቪኤልሲ በሚባለው የድምፅና የቪዲዮ ማጫወቻ ቢከፍተው፣ ቪኤልሲ ለሰርቨሩ ገና ያልታወቀ እንግዳ ነው። ቴሌግራም ላይ የሊንኩን ቅድመ እይታ ለማምጣት ገጹን የሚጠይቀው የቴሌግራም ሰርቨርም እንዲሁ እንግዳ ነው፤ 401 ተብሎ ስለሚመለስ ነው ከተቆለፈ ሊንክ ሥር ሥዕልና ርዕስ የማይመጣው። ስለዚህ ችግር በገጠማችሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ፋይሉን የጠየቀው የትኛው ፕሮግራም ነው?» የሚለው ነው። ከታች ያለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

ቤዝ64 ምስጢራዊ ጽሑፍ እንዳይመስላችሁ፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ መልሶ ያነበዋል። ድረ ገጻችሁ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም የሚላከው ሁሉ መንገድ ላይ እንዳይነበብ በሚመሰጠርበት አድራሻ፣ የማይከፈት ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ሲፓነል ያላቸው ብዙ ሰርቨሮች ነፃ ሰርተፊኬት ይሰጣሉ። ያለዚያ ተማሪው በካፌ ዋይፋይ ሲገባ ፓስወርዱን እየበተነ ነው።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ማቅለል

ትምህርቱ ንግግር ብቻ ከሆነ ቪዲዮ አታድርጉት። ለሰው ድምፅ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት፣ በአንድ ቻናል የተቀዳ ኤምፒ3 ከበቂ በላይ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 64 ኪሎቢት በሴኮንድ ማለት 8 ኪሎባይት በሴኮንድ፣ በደቂቃ 480 ኪሎባይት፤ የ40 ደቂቃ ትምህርት 19.2 ሜጋባይት ይሆናል። ያው ትምህርት በሴኮንድ 600 ኪሎቢት በሆነ ቪዲዮ ቢቀርብ 180 ሜጋባይት ነው። ፓኬጁን በሳንቲም ለሚገዛ ተማሪ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል፤ ድምፁን ወደ ሞኖ ቀይራችሁ ኤክስፖርት ስታደርጉ 64 የሚለውን ምረጡ።

ሰሌዳው መታየት ካለበትና ቪዲዮ ግድ ከሆነ፣ ኤምፒ4 ፋይሎች አንድ ጠባይ አላቸው። የፋይሉ ማውጫ፣ ማለትም የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ማጫወቻው ያን ክፍል እስኪያገኝ መጀመር አይችልም፤ ተማሪው ጥቁር መስኮት እያየ ይቀመጣል። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮውን ስታቀሉ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፤ ማውጫው ወደ ፊት ይመጣል። ኤፍኤፍምፔግ የምትጠቀሙ ደግሞ ፋስትስታርት የሚለውን አማራጭ ታውቁታላችሁ።

የፋይል ስም ላይ ቸል አትበሉ። በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ በሰረዝ እየተያያዘ ይጻፍ። ሊነክስ ሰርቨር ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ የከፈተው ስም እዚያ 404፣ ማለትም «ፋይሉ የለም»፣ ሊል ይችላል። በግዕዝ ፊደል መሰየምስ? ይሠራል፤ ግን ሊንኩ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይዘረዘራል። «ፊዚክስ» የምትለዋ ቃል ብቻ 36 ምልክት ትሆናለች። መካከሉ ላይ አንድ ምልክት ተቆርጦ ቢቀር ሊንኩ ሞተ ማለት ነው። የአማርኛውንና የአፋን ኦሮሞውን ርዕስ ገጹ ላይ በሙሉ ጻፉት፤ ፋይሉ ግን አጭርና ደረቅ ስም ይኑረው።

ወደ ሰርቨሩ ስትጭኑ በሲፓነል ፋይል ማናጀር ሳይሆን ፋይልዚላ በሚባለው የፋይል መጫኛ ፕሮግራም ጫኑ። መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ በብሮውዘር የጀመራችሁት ከዜሮ ይነሣል፤ ፋይልዚላ ግን ከቆመበት ይቀጥላል። ለ19 ሜጋባይት ብዙም አያሳስብም፣ ለ180 ሜጋባይት ግን ሌሊቱን ያድናል።

ደረጃ 2፦ ፎልደሩን መቆለፍ

በፋይል ማናጀር የድረ ገጹ ፋይሎች ወደሚቀመጡበት ፎልደር፣ ወደ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል፣ ግቡና አዲስ ፎልደር ፍጠሩ፤ ለምሳሌ «ትምህርት» በሚል ትርጉም አጭር የላቲን ስም ስጡት። ከዚያ ወደ ሲፓነል ዋና ገጽ ተመለሱና ፋይልስ ከሚለው ክፍል ዳይሬክተሪ ፕራይቬሲ የሚለውን ክፈቱ። ፎልደሩን ምረጡ፣ በፓስወርድ ይጠበቅ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፣ ለፎልደሩ መጠሪያ ስጡና ሴቭ በሉ። እዚያው ገጽ ላይ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ትፈጥራላችሁ። ሲፓነል ከበስተጀርባ ሁለት ነገር ይሠራል፦ ፎልደሩ ውስጥ የመቆለፊያ ትእዛዝ ያለበት ኤችቲአክሰስ የሚባል ፋይል ይጽፋል፤ ፓስወርዶቹን ደግሞ ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውጭ፣ ከድረ ገጹ ሊደረስበት በማይችል ቦታ ያስቀምጣል። ሲፓነል ከሌላችሁና በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ ይህንኑ ጠብቁ፤ የፓስወርዱን ፋይል እዚያው ከኤምፒ3ው አጠገብ አታድርጉት። ኤችቲፓስወርድ በሚባለው ትእዛዝ ሁለተኛ ተማሪ ስትጨምሩ ደግሞ ሲ የሚለውን አማራጭ አውጡት፤ እሱ ፋይሉን እንደ አዲስ ስለሚፈጥር የቀድሞዎቹን ያጠፋቸዋል።

ለግሩፑ ሁሉ አንድ ስም ወይስ ለእያንዳንዱ የራሱ? ለእያንዳንዱ የራሱ ስጡ ባይ ነኝ፤ ጣጣው ተማሪ ሲመዘገብ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ የጋራ ፓስወርድ ከአንድ ተማሪ እጅ ሲወጣ የሁሉንም መቀየር አለባችሁ፤ ከዚያ ማታ ስንቱ እንደሚደውል አስቡት። የራሱ ስም ያለው ተማሪ ግን ብቻውን ይሰረዛል።

ስሙ በላቲን ትንንሽ ፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁን። የግዕዝ ፊደል ስም በአንዱ ብሮውዘር ገብቶ በሌላው እምቢ ሊል ይችላል፤ በስሙ ውስጥ ሁለት ነጥብ ደግሞ ጨርሶ አይፈቀድም። የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ሲያደርገው ሰርቨሩ ሌላ ሰው ነው ብሎ ይመልሰዋል። «ፓስወርዱ አይሠራም» ከሚሉት ቀላል የማይባሉት እዚህ የሚሰናከሉ ናቸው። ፓስወርዱም ፊደልና ቁጥር ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ለምን እንደሆነ ቪኤልሲ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ዎርድፕረስ ለምትጠቀሙ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የዎርድፕረስ የራሱ «በፓስወርድ የተጠበቀ ገጽ» የሚዘጋው ገጹን ብቻ ነው። አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ ያለው ኤምፒ3 እንደተከፈተ ነው፤ የፋይሉን አድራሻ ያገኘ ሁሉ ያለ ምንም ጥያቄ ይሰማዋል። መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩት ዝምተኛ አድማጭ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው። ሁለተኛው፣ ዎርድፕረስ በተጫነበት ቦታ ሥር ያለ ፎልደር ስትቆልፉ ፓስወርድ መጠየቂያው በመምጣት ፈንታ የዎርድፕረስ 404 ገጽ ሊመጣ ይችላል። ሰርቨሩ 401 ሲል የሚያሳየውን ገጽ ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ጥያቄውን ዎርድፕረስ ይቀበለውና «እንዲህ ያለ ገጽ የለም» ይላል። መፍትሔው በኤችቲአክሰስ ፋይሉ አናት ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፦ ኤረር ዶክዩመንት፣ ክፍት ቦታ፣ 401፣ ክፍት ቦታ፣ ዲፎልት።

ደረጃ 3፦ ማጫወቻውን ፎልደሩ ውስጥ ማስገባት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው፣ ገጹን ክፍት ቦታ ላይ አስቀምጦ ከሱ ላይ ወደ ተቆለፈው ኤምፒ3 ሊንክ መስጠት ነው። ተማሪው ሲነካው የሚሆነው እንደየስልኩ ይለያያል፦ አንዱ ብሮውዘር ፓስወርድ ጠይቆ ያጫውታል፣ ሌላው ፋይሉን ለስልኩ ማጫወቻ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ሌላው ያወርደዋል። ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከፈለጋችሁ ገጹም፣ ድምፁም፣ ማጫወቻውም እዚያው ከተቆለፈው ፎልደር ውስጥ ይሁኑ። ተማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ገጹን ነው፤ ፓስወርዱን አንዴ ይሞላል፤ ከዚያ ድምፁን የሚጠይቀው ያው ብሮውዘር ስለሆነ በሩ አይዘጋበትም።

ኢንዴክስ የሚባል የኤችቲኤምኤል ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ፍጠሩ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ርዕሱን ጻፉና ከሥሩ ኦዲዮ የሚባለውን ታግ አስገቡ። ታጉ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ኤስአርሲ የፋይሉ አድራሻ ነው። ኮንትሮልስ ማጫወቻውና ማቆሚያው እንዲታይ ያደርጋል፤ ከተረሳ ገጹ ላይ ምንም አይታይም። ፕሪሎድ ደግሞ «ናን» የሚል ዋጋ ይሰጠው፤ ተማሪው ካልነካው በቀር ምንም አታውርድ ማለት ነው። ፕሪሎድ ከተተወ ብሮውዘሩ በራሱ ፈቃድ ገና ገጹ ሲከፈት ከየፋይሉ ጥቂት ጥቂት ሊጎትት ይችላል፤ ሃያ ትምህርት የተደረደረበት ገጽ ላይ ይህ የተማሪውን ዳታ በከንቱ ይበላል። ለቪዲዮ ታጉ ቪዲዮ ነው፣ የቀረው አንድ ነው።

ኤስአርሲ ውስጥ የፋይሉን ስም ብቻ ጻፉ፤ ሙሉውን አድራሻ አትጻፉ። ምክንያቱም ለብሮውዘር ዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩ ያለበት አድራሻና የሌለበት ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ተማሪው ያለ ዳብልዩ በሆነው ገብቶ ፓስወርድ ሲሰጥ፣ ገጹ ላይ ያለው ድምፅ ደግሞ ዳብልዩ ካለበት የሚመጣ ከሆነ፣ የተሰጠው ፓስወርድ ለዚያኛው አያገለግልም። በኤችቲቲፒና በኤችቲቲፒኤስ መካከልም ያው ነው። የፋይሉን ስም ብቻ ስትጽፉ ተማሪው በየትኛውም በር ቢገባ ድምፁ በዚያው በር ይመጣለታል። ለቴሌግራም የምትለቁት ሊንክ እንግዲህ የኤምፒ3ው ሳይሆን የፎልደሩ አድራሻ ነው፤ አንድ ሊንክ ለሙሉ ወሰነ ትምህርቱ ይበቃል። አዲስ ትምህርት ሲመጣ ገጹ ላይ ትጨምራላችሁ እንጂ አዲስ ሊንክ አትበትኑም።

አንድ እንቅፋት አለ። መተግበሪያዎች ከውስጣቸው ገጽ የሚከፍቱባት የራሳቸው ትንሽ ብሮውዘር አለቻቸው። አንድሮይድ ላይ መተግበሪያው ፓስወርድ መጠየቂያውን ሆን ብሎ ካልሠራው በቀር መስኮቷ አትወጣም፤ ጥያቄው በዝምታ ይሰረዝና ተማሪው ባዶ ገጽ ወይም 401 ያያል። ስለዚህ ከሊንኩ ጋር «ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ በክሮም ክፈቱ» ብላችሁ ጻፉ፤ ግሩፑ አናት ላይም ፒን አድርጉት።

ደረጃ 4፦ በቪኤልሲ ለሚሰሙት

ስልኩን ኪሱ ከቶ እየሄደ መስማት የሚፈልግ ተማሪ ቪኤልሲን ይመርጣል። ለሱ የሚሆነው ኤም3ዩ የሚባለው ዝርዝር ፋይል ነው፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን በየመስመሩ አንድ የፋይል አድራሻ ይይዛል። እዚህ ላይ ሕጉ ይገለበጣል፦ በገጹ ውስጥ የፋይሉን ስም ብቻ ጻፉ ብያለሁ፣ በኤም3ዩ ውስጥ ግን ከኤችቲቲፒኤስ ጀምሮ ሙሉው አድራሻ ይጻፋል። ብሮውዘሩ ዝርዝሩን አውርዶ ስልኩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቪኤልሲ ከዚያ ይከፍተዋል። ሙሉ አድራሻ ከሌለ ቪኤልሲ ኤምፒ3ውን የሚፈልገው ዝርዝሩ የወረደበት የስልኩ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ነው፤ በእርግጥ አያገኘውም።

ሁለቴ የመጠየቁ ምስጢርም እዚህ ነው። ዝርዝሩ በተቆለፈው ፎልደር ውስጥ ካለ ክሮም አንዴ ይጠየቃል፣ ቪኤልሲ ደግሞ ድምፁን ሊያመጣ ሲሄድ እንደገና ይጠየቃል። ብልሽት አይደለም። ለተማሪዎቹ «ሁለት ጊዜ ይጠይቃችኋል፣ ሁለቴም ያው ነው» በሉና ያርፉ።

ስምና ፓስወርድን አድራሻው ውስጥ ከቶ ይህን ማስቀረት ይቻላል፤ ከኤችቲቲፒኤስ ቀጥሎ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ፓስወርድ፣ አት ምልክት፣ ከዚያ የድረ ገጹ ስም። ቪኤልሲ ይቀበለዋል። ፓስወርዱ ውስጥ ራሱ አት ካለበት አድራሻው ይምታታል፤ ፊደልና ቁጥር ብቻ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ይህ መንገድ ለራሳችሁ ሙከራ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም፣ ለተማሪ በፍጹም አትስጡት። አንድ ፎርዋርድ በቂ ነው፤ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ቁልፉንም አገኘ። ብሮውዘሮችም ቢሆኑ ይህን አጻጻፍ ከጠሉት ቆይተዋል፦ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በ2004 አስቀረው፤ ክሮም ደግሞ ከ2017 ጀምሮ፣ ከስሪት 59 ወዲህ፣ በገጽ ውስጥ የተካተተ ድምፅና ምስል በዚህ አጻጻፍ እንዳይጠራ ከልክሏል። ለኦዲዮ ታግ በዚህ መንገድ የተጻፈ አድራሻ ስትሰጡ ዝም የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመልቀቃችሁ በፊት መፈተሽ

እናንተ ራሳችሁ በገባችሁበት ብሮውዘር መፈተሽ ምንም አይነግራችሁም፤ ፓስወርዱን አስቀድሞ ይዞታል። በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ቀድሞ የያዘውን ፓስወርድ በማያስታውሰው መስኮት፣ ክፈቱ። መጀመሪያ የገጹን ሳይሆን የአንዱን ኤምፒ3 ሙሉ አድራሻ ጻፉ። ፓስወርድ ሳይጠይቅ መጫወት ከጀመረ ፎልደሩ አልተቆለፈም ወይም ፋይሉ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከጠየቀ፣ ሰርዛችሁ ውጡና በገጹ አድራሻ እንደገና ግቡ፤ አንዴ ጠይቆ ሁሉንም ማጫወት አለበት። ያንኑ ዳብልዩ ባለበትም በሌለበትም አድራሻ ድገሙት።

ቀጥሎ ጠቋሚውን ወደ ትምህርቱ መካከል ጎትቱት። ወዲያው ከዚያ ከቀጠለ ሰርቨሩ ፋይሉን ቆርሶ መስጠት ይችላል ማለት ነው፤ መልሱ 206 ነው። ኤምፒ3ውን ሰርቨሩ ራሱ በቀጥታ ሲሰጥ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይሠራል። ፋይሉ በፒኤችፒ ስክሪፕት በኩል የሚያልፍ ከሆነ ግን ሪድፋይል የሚለው ተራ ትእዛዝ መቆራረስ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የሚያንቆረቁረው። ሳፋሪ ደግሞ ጠባዩ ይከብዳል፤ አስቀድሞ የፋይሉን የመጀመሪያ ሁለት ባይት ብቻ ይጠይቅና 206 ካልተመለሰለት ማጫወቱን ይተወዋል።

አይፎን ላይ ሌላም አለ። ድምፅና ቪዲዮውን የሚያመጣው ከሳፋሪ ተለይቶ የሚሠራ የስልኩ የሚዲያ ክፍል ነው፤ በአንዳንድ ስሪቶች ሳፋሪ የተቀበለው ፓስወርድ ወደዚያ አይሻገርም። ጠያቂው ማን ነው የሚለው ነገር እዚህም መጣ። አይፎን የያዙት ተማሪዎች ጥቂት ከሆኑ ቪኤልሲ እንዲጭኑ ንገሯቸውና እለፉት። ብዙ ከሆኑ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩ ሲናገር

ተማሪው የስክሪኑን ፎቶ ሲልክላችሁ ቁጥሩን እዩ። 401 ከሆነ ስሙ ወይም ፓስወርዱ ነው፤ ትልቁን ፊደል አስታውሱ። 403 ከሆነ የፋይሉ ፈቃድ ነው፤ በፋይል ማናጀር ፐርሚሽኑን 644፣ የፎልደሩን 755 አድርጉት። 404 የፋይል ስም ነው፣ ወይም ያ የዎርድፕረሱ ጉዳይ። ማጫወቻው ወጥቶ ደቂቃው ዜሮ ላይ ከቆመ ድምፁን የሚጠይቀው ሌላ አድራሻ ነው፤ ኤስአርሲውን እዩ። ድምፁ ጀምሮ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን የኔትወርክ ነገር ነው፣ ፎልደሩን አትንኩት።

ኢንተርኔት ቤት ገብተው ለሚሰሙ ተማሪዎች አንድ ነገር መንገር ያስፈልጋል፦ ቤዚክ ኦተንቲኬሽን «ውጣ» የሚል ቁልፍ የለውም። ገጹን መዝጋት አይበቃም፤ ብሮውዘሩ እንዳለ፣ ሁሉም መስኮቱ መዘጋት አለበት። ያለዚያ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው በነሱ ስም ይሰማል።

ፓስወርድ ያለው ተማሪ ፋይሉን አውርዶ ለጓደኛው እንዳይሰጥስ? አይከለከልም። ክሮም ላይ የማውረጃውን ምልክት የሚደብቅ አማራጭ አለ፤ ግን ምልክቱን ደበቀ እንጂ ፋይሉን አልደበቀም። ወደ ተማሪው ስልክ የደረሰ ድምፅ የተማሪው ስልክ ላይ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱ አሉ፤ ለማጠናከሪያ ትምህርት ግን ድካሙ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ማን እየሰማ እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ። ሲፓነል ላይ ሮው አክሰስ የሚለውን ከፍታችሁ መዝገቡን አውርዱ፤ በየመስመሩ የጠየቀው ኮምፒውተር አድራሻ፣ የተጠቃሚው ስም፣ ሰዓቱ፣ ፋይሉና የመልሱ ቁጥር አለ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ስም ስጡ ያልኩት እዚህ ላይ ይከፍላል። አንድ ስም በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብዙ አድራሻ ስለታየ ብቻ ግን ልጁን አትክሰሱት፤ የሞባይል ኔትወርክ አድራሻ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ብዙ ሰውም አንድ አድራሻ ይጋራል። አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ትምህርቶችን በተመሳሳይ ደቂቃ ሲጠይቅ ካያችሁ ያን ጊዜ ጠርታችሁ አነጋግሩት።

ደረጃ 7፦ ተማሪው ሲበዛ

ተማሪዎቹ ከመቶ ሲያልፉ፣ ወይም አይፎኑ ሲያስቸግር፣ ትንሿን መስኮት ትታችሁ በገጽ ላይ የሚሞላ የመግቢያ ፎርም ማሠራት ይሻላል። ፋይሎቹ ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውጭ ይቀመጣሉ፣ ተማሪው ገብቶ እንደሆነ ብሮውዘሩ የሚይዘው ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት ይመሰክራል፣ ስክሪፕቱም ፋይሉን ራሱ ከማንቆርቆር ይልቅ «ይህን ስጠው» ብሎ ለሰርቨሩ ያስተላልፋል። አፓቺ በሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ላይ ኤክስ ሴንድፋይል፣ ኤንጂንኤክስ በሚባለው ላይ ኤክስ አክሴል ሪዳይሬክት የሚባሉት ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ 206ም አብሮ ይመጣል። ፕሮግራመር ስትቀጥሩ እነዚህን ስሞች ጥሩለት፤ የሚያውቅ ከሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ሌላው አማራጭ ጊዜው የሚያልፍ ሊንክ ነው። ሰርቨሩ የፋይሉን አድራሻ፣ የማብቂያ ሰዓቱንና እሱ ብቻ የሚያውቀውን ቃል አዋሕዶ አንድ ፊርማ ያወጣል፤ ፊርማው ሊንኩ ላይ ይቀጠላል። ከሊንኩ አንድ ፊደል ቢቀየር ወይም ሰዓቱ ቢያልፍ በሩ ይዘጋል። ይህን ሊንክ ክሮምም ይክፈተው ቪኤልሲ ለውጥ የለውም፤ ፈቃዱን የያዘው ሊንኩ ራሱ ስለሆነ ማንነት መጠየቅ የለም። አማዞን ኤስ3 በሚባለው የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ ላይ እንዲህ ያለው ሊንክ ቢበዛ 7 ቀን ይቆያል።

የማብቂያ ሰዓቱን ስትወስኑ የትምህርቱን ርዝመት አትከተሉ። ማጫወቻው ፋይሉን በአንዴ አይወስድም፤ እየቆረሰ ነው የሚጠይቀው፣ በየጥያቄውም ሰዓቱ ይታያል። ተማሪው 40 ደቂቃውን ጀምሮ እራት ሊበላ ይነሣል፣ መብራት ይጠፋል፣ የስልኩ ባትሪ ያልቃል። ለአንድ ሰዓት ብቻ የተሰጠ ሊንክ ከመካከል ይቆረጥበትና እናንተ ጋ ይደውላል። አንድ ምሽት ሙሉ ስጡት።

በቤዚክ ኦተንቲኬሽን ከቀጠላችሁ ደግሞ ወሰነ ትምህርቱ ሲያልቅ ዳይሬክተሪ ፕራይቬሲን ክፈቱና ያልቀጠሉትን ስሞች አንድ በአንድ ሰርዙ። ብሮውዘሩ ፓስወርዱን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ስለሚልክ ስረዛው ወዲያውኑ ይያዛል፤ በዚያች ሰዓት እየሰማ ያለ ተማሪ ካለ ቀጣዩን ቁራሽ ሲጠይቅ 401 ይመጣበታል። ስለዚህ ሌሊት ላይ ሰርዙ፣ ግሩፑ ላይም ከሁለት ቀን በፊት አሳውቁ።